ፎርማት ከመደረጉ በፊት፦ በጌም ስክሪን ላይ የሚታይ ብልሽት እንደ ማስረጃ

በዲላ ከተማ የኮምፒውተር ጥገና ሱቆች፣ በጌም ቤቶችና በተማሪዎች መኖሪያ በተደጋጋሚ የሚሰማ አንድ የፍርድ ቃል አለ፤ «ፎርማት ይደረግ» የሚል። ጌሙ ሲከፈት ስክሪኑ ላይ ቀይና አረንጓዴ ነጠብጣብ ቢረጭ፣ የገጸ ባሕርዩ ፊት ቢጠፋ፣ የሩቅ ግድግዳ ቢርገበገብ፣ ሥዕሉ ወገቡ ላይ ቢቆረጥ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው። ፎርማቱ ካልሠራ ደግሞ ግራፊክስ ካርዱ «ተቃጥሏል» ይባልና ሌላ ይፈለጋል። በጌዴኦ ባህል የሶንጎ ሽማግሌዎች የሁለቱንም ወገን ቃል ሳይሰሙ ፍርድ አይሰጡም። ፎርማት ግን ምስክሩን በማጥፋት የሚጀምር ፍርድ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምሞግተው ይህን ልማድ ነው። ሙግቱ ለጌም አፍቃሪዎች ጥቅም ብቻ የቀረበ አይደለም። ዛሬ በጌም ቤት ነጠብጣብ የሚያሳይ ካርድ ነገ በሁለተኛ እጅ ተሽጦ የአንድ የማስተርስ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ስሌት ሊሠራበት ይችላል። በጌም ላይ ስህተቱ በዓይን ይታያል፤ በስሌት ላይ ግን ብዙውን ጊዜ አይታይም። እንግዲህ የሚታየውን ስህተት በሥርዓት መመርመር ያልለመደ ተቋምና ከተማ የማይታየውን እንዴት ሊያገኘው ይችላል?

«ጌም ለድኅረ ምረቃ መጽሔት ምኑ ነው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እገምታለሁ። መልሴ አጭር ነው። በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስና 1920 በ1080 ስፋት ያለው ሥዕል የሚያሳይ ጌም በእያንዳንዱ ሰከንድ ከ124 ሚሊዮን በላይ ነጥቦችን ቀለም ይወስናል፤ ለአንድ ሥዕል ያለው ጊዜም ከ17 ሚሊ ሰከንድ ያነሰ ነው። በአንድ ተራ የግል ኮምፒውተር ላይ ግራፊክስ ካርዱን፣ ሜሞሪውን፣ ፓወር ሰፕላዩንና ድራይቨሩን በአንድ ጊዜ እስከ ጥግ የሚፈትን ሌላ ሥራ በቀላሉ አይገኝም። ጌም መዝናኛ መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ በእጃችን ካሉት የመመርመሪያ መሣሪያዎች ሁሉ ርካሹም እርሱ ነው።

የመጀመሪያው ችግር የቃል ድህነት ነው። በጌም ቤቶቻችን ለማንኛውም ብልሽት የሚነገረው ቃል «ስታክ አደረገ» የሚለው ነው። ጌሙ ለአፍታ ቆሞ ሲቀጥልም ስታክ ነው፤ ሥዕሉ ሲቀደድም ስታክ ነው፤ ስክሪኑ ጠቁሮ ሲመለስም ስታክ ነው። ታካሚው ሁሉን ሕመም «አሞኛል» ብቻ ብሎ ቢገልጽ ሐኪሙ ምን ሊያደርግ ይችላል? አማርኛ ግን ለዚህ ደሃ ቋንቋ አይደለም። ሥዕሉ እየቆመ ሲሄድ «ይንተባተባል»፣ የላይኛውና የታችኛው ግማሽ ሳይገጥሙ ሲቀሩ «ተቀደደ»፣ ሁለት ገጾች አንዱ ሌላውን እየሸፈነ ሲቀያየሩ «ይርገበገባል»፣ የተበተነ ባዕድ ቀለም ሲታይ «ነጠብጣብ ወጣ» ቢባል አራቱ ቃላት ብቻቸውን የተጠርጣሪዎቹን ቁጥር በእጅጉ ይቀንሳሉ። ጌዴኡፋ ተናጋሪ የሆኑ የጥገና ባለሙያዎችም በየዕለቱ የሚገለገሉባቸው የራሳቸው አገላለጾች አሏቸው። እነዚህን መሰብሰብ ለቋንቋ ትምህርት ክፍልም ለኮምፒውተር ሳይንስም የሚሆን ሥራ ነው፤ ኮሚቴ ማቋቋምን የሚጠይቅ ግን አይመስለኝም።

ምስክሩን መጠየቅ

ከጌሙ እስከ ዓይናችን ያለው መንገድ በርካታ ጣቢያዎች አሉት። ጌሙ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ትእዛዙ እንደ ዳይሬክትኤክስ ወይም ቩልካን ባለ የጋራ ቋንቋ ያልፋል፤ ድራይቨሩ ካርዱ ወደሚገባው ቋንቋ ይተረጉመዋል፤ ካርዱ አስልቶ ውጤቱን በራሱ ሜሞሪ ላይ ያስቀምጣል፤ ከዚያ በኬብል ወደ ስክሪን ይላካል። ብልሽቱ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ነው፤ አልፎ አልፎም በሁለቱ መካከል። ምርመራ ማለት ይህን መንገድ ለሁለት መክፈልና ብልሽቱ ከየትኛው ወገን እንደሆነ መጠየቅ ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ብልሽቱ በሚታይበት ቅጽበት ሁለት ሥዕል ይወሰድ፤ አንዱ በኮምፒውተሩ በራሱ የሚነሳ ስክሪንሾት፣ ሁለተኛው ስክሪኑን በስልክ ካሜራ ማንሳት ነው። ከዚያ ስክሪንሾቱ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ወይም ወደ ስልክ ተወስዶ ይታይ። ስክሪንሾቱ የሚቀዳው ከካርዱ ሜሞሪ ላይ ሥዕሉ ወደ ኬብሉ ከመውጣቱ በፊት ነው። ስለዚህ ነጠብጣቡ በስክሪንሾቱ ላይም ካለ ኬብሉና ስክሪኑ ነጻ ናቸው፤ ጥፋቱ ከእነርሱ በፊት ተፈጽሟል። በስልክ ፎቶው ላይ እያለ በስክሪንሾቱ ላይ ከሌለ ደግሞ ካርዱን መክሰስ ተገቢ አይደለም፤ ኬብሉ፣ መቀየሪያው፣ የካርዱ መውጫ ወይም ስክሪኑ ይመርመር። ከዚህ ሕግ የሚወጣው ዋነኛው ብልሽት መቀደድ ነው። መቀደድ የሚመጣው ካርዱ አዲስ ሥዕል የሚያቀርብበትና ስክሪኑ የሚታደስበት ጊዜ ሳይገጥም ሲቀር ነው፤ በስክሪንሾት ላይ አይያዝም፤ የተበላሸ ዕቃም አያመለክትም። በጌሙ ማስተካከያ ውስጥ ያለው ቪሲንክ ሲበራ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል።

ሁለተኛው ጥያቄ «መቼ ጀመረ?» የሚለው ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ፣ ዊንዶውስ ገና ሳይነሳ፣ በአምራቹ ምልክት ላይ ነጠብጣብ ከታየ የጌሙም የድራይቨሩም እጅ የለበትም፤ ሁለቱም ገና ወደ ሥራ አልገቡምና። እንዲህ ባለ ኮምፒውተር ላይ ፎርማት ማድረግ ፍጹም ከንቱ ድካም ነው። የባለቤቱ ፎቶግራፍና ሰነድ ይጠፋል፤ ነጠብጣቡ ግን በቦታው ይጠብቀዋል። የዚህ ተቃራኒ ግን እኩል አስተማማኝ አይደለም። ጅማሬው ንጹሕ መሆኑ ካርዱን ነጻ አያወጣውም፤ በዚያ ሰዓት ካርዱ ሸክም የለበትምና።

ሦስተኛው ጥያቄ ቦታና ጊዜን ይለያል። ብልሽቱ ሁልጊዜ በጌሙ አንድ ሥፍራ፣ በአንድ ሕንፃ ወይም በአንድ ገጸ ባሕርይ ላይ ብቻ የሚታይ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ጌሙ ወይም ወደ ድራይቨሩ ያዘነብላል። በየትኛውም ሥፍራ፣ ነገር ግን ጨዋታው ከተጀመረ ከ20 ደቂቃ በኋላ እየበዛ የሚመጣ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ሙቀት ይዞራል። ከባድ ፍንዳታ ወይም ብዙ ሕዝብ በሚታይበት ቅጽበት ስክሪኑ በድንገት የሚጠቁር ከሆነ ፓወር ሰፕላዩ ወደ ተጠርጣሪዎች ሰልፍ ይገባል። የጌሙ ፍጥነት በሰከንድ ወደ 30 ሥዕል ተገድቦ ብልሽቱ ቢጠፋ ሙቀት ወይም ኃይል መሆኑ ይጠናከራል፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሙቀት ንባቡ ይለየዋል። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በተባለው ነጻ ፕሮግራም የካርዱን ሜሞሪ ፍጥነት ብቻ ዝቅ ማድረግም ይቻላል፤ ነጠብጣቡ በዚህ ከጠፋ የሜሞሪው መዳከም ተረጋገጠ ማለት ባይሆንም ክሱ ከበድ ያለ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ በስህተት የሚነበብ መልእክት መጥቀስ አለብኝ። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ግራፊክስ ካርዱ ለ2 ሰከንድ ያህል መልስ ካልሰጠ ዊንዶውስ ድራይቨሩን ራሱ አስነሥቶ እንደገና ያስጀምራል፤ በመዝገቡም ላይ በቁጥር 4101 ይጽፈዋል። መልእክቱ «ድራይቨሩ ምላሽ መስጠት አቁሞ ነበር» ስለሚል ሰዉ ድራይቨሩን ይወቅሳል። ነገር ግን መልእክቱ የሚናገረው ማን እንደወደቀ እንጂ ማን እንደገፈተረው አይደለም። ሙቀትም፣ የኃይል መዋዠቅም፣ የደከመ ሜሞሪም ይህንኑ መልእክት ያመጣሉ። በትክክልም ድራይቨሩ ሲጠረጠር ድራይቨሩን ብቻ ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ ሌላ እትም መጫን ይቻላል፤ ፎርማት በአንድ ጊዜ ከሚለውጣቸው ነገሮች አንዱን ለብቻው ነጥሎ መፈተን ማለት ይህ ነው።

«ፎርማት እኮ ይሠራል» የሚሉ ባለሙያዎችን አልቃወምም፤ ብዙ ጊዜ ይሠራል። የሚሠራውም ድራይቨሩን፣ የተከማቸውን የሼደር ፋይል፣ ቫይረሱን፣ የተበላሸውን የጌም ፋይልና የዊንዶውስ ማስተካከያውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለሚለውጥ ነው። ቁም ነገሩ ከዚያ በኋላ ማንም ምን እንደተማረ መናገር አለመቻሉ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ያው ብልሽት ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ከዜሮ ይጀምራል።

በማሽኑ ውስጥ የሌለ ጥፋት

አንዳንዱ ብልሽት ምንም የተበላሸ ዕቃ የለውም። ከእነዚህ ዋነኛው መርገብገብ ነው። እርሱን ጥቂት ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ፤ ለጌዴኦ ቅርስ ጥናትም ስለሚጠቅም። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የጨልባ ቱቱቲን ትክል ድንጋዮች በጌም ሞተር ላይ በሦስት አውታር አምሳያ ሠርቶ ለጎብኚ ማሳየት የሚፈልግ ተማሪ ዛሬ ይነሣል ብለን እናስብ። ድንጋዩን አንድ ገጽ አድርጎ ሠራ፤ በላዩ ያለውን ቅርጽ ደግሞ ጥቂት ከፍ ባለ ሌላ ገጽ ላይ አኖረ። ከቅርብ ሲታይ ያማረ ነው። ከሩቅ ሲታይ ግን ቅርጹና ድንጋዩ አንዱ ሌላውን እየበላ ይርገበገባሉ። ጓደኞቹ ካርዱን ይወቅሳሉ።

ምክንያቱ የሒሳብ ነው። ካርዱ ከሁለት ገጾች የትኛው ለተመልካቹ እንደሚቀርብ የሚያውቀው ለእያንዳንዱ ነጥብ የጥልቀት ቁጥር በመመዝገብ ነው። በተለመደው አሠራር ይህ ቁጥር 24 ቢት ይይዛል፤ አከፋፈሉም እኩል አይደለም፤ አብዛኛው ጥራት ለካሜራው ቅርብ ለሆነው ርቀት ይሰጣል። መለየት የሚቻለው ትንሹ የጥልቀት ልዩነት በግምት የርቀቱ ስኩዌር፣ ካሜራው ማየት በሚጀምርበት ርቀትና በ2 ኃይል 24 ብዜት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ካሜራው ከ1 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ እንዲያይ ከታዘዘ በ100 ሜትር ርቀት ላይ ከ6 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ልዩነት ያላቸውን ገጾች መለየት አይችልም። ከ10 ሴንቲ ሜትር ጀምሮ እንዲያይ ቢታዘዝ ልዩነቱ ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። አንድ ቁጥር በመለወጥ ጥራቱ 10 ጊዜ ተሻሻለ። የትኛውም ፎርማት፣ የትኛውም አዲስ ካርድ ይህን አያደርግም።

ሌላው የዚህ ወገን ምሳሌ በዓለም የታወቀ ነው። አሳሲንስ ክሪድ ዩኒቲ የተባለው ጌም እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 ሲወጣ በግል ኮምፒውተር ላይ የአንዳንድ ገጸ ባሕርያት ፊት ሳይሣል ይቀርና ዓይንና ጥርስ ብቻ በአየር ላይ ተንሳፍፎ ይታይ ነበር። አምራቹ ኩባንያ በዚያው ወር ይቅርታ ጠይቆ ማስተካከያዎችን አከታትሎ አወጣ። በእኛ አካባቢ ግን ጌም አብዛኛውን ጊዜ የሚዘዋወረው በፍላሽና በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ ከእጅ ወደ እጅ ነው። የሚገለበጠው እትም በወጣበት ቀን የነበረው፣ ማስተካከያ ያልደረሰው ሊሆን ይችላል። አምራቹ ከዓመታት በፊት የጠገነው ጥፋት ዲላ ላይ ዕድሜው ይረዝማል፤ የሚወቀሰውም ምንም ያላጠፋ ካርድ ነው። ስለዚህ «የጌሙ እትም ስንት ቁጥር ነው?» የሚለው ጥያቄ ካርዱ ከመፈታቱ በፊት መቅደም አለበት።

በስሙ ምትክ አራት ማዕዘን ሳጥኖች የሚታዩበት ተጫዋችም ጉዳዩ ከዚሁ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ቦታ አለው፤ የጌሙ የፊደል ቅርጽ ፋይል ግን ካልያዘው ሳጥን ይሣላል። ካርዱ የታዘዘውን በትክክል ሣለ።

ሙቀት፣ አየርና የሞቀ ንፋስ ጥገና

ከዕቃው ወገን ያለው ጥፋት በዲላ የራሱ ጠባይ አለው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በ14 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። የካርዱ ፋን በተመሳሳይ ፍጥነት ቢሽከረከርም የሚያንቀሳቅሰው የአየር ክብደት በዚያው መጠን ያነሰ ነው፤ የሚሸከመው ሙቀትም እንዲሁ። በዚህ ላይ የበጋው አቧራና ለዓመታት ያልተለወጠ የሙቀት ማስተላለፊያ ፔስት ሲጨመር ካርዱ በቶሎ ይሞቃል። ወደ ቡሌ ደጋ ሲወጣ አየሩ ይበልጥ ይሳሳል፤ ነገር ግን ይቀዘቅዛል። ሁለቱ ተቃራኒ ኃይሎች ናቸው፤ የትኛው እንደሚያሸንፍ በግምት ከመናገር አንድ ካርድ፣ አንድ ጌምና አንድ ቴርሞሜትር ይዞ በዲላ፣ በይርጋጨፌና በቡሌ መለካት ይሻላል። ለቅድመ ምረቃ ማሟያ ጽሑፍ የሚበቃ፣ ወጪውም የመኪና ትራንስፖርት ብቻ የሆነ ርእስ ነው።

የሞቀ ንፋስ ጥገናን በተመለከተ ግን ዝም ማለት አልችልም። ነጠብጣብ የሚያሳይን ካርድ በሙቅ አየር መሣሪያ አሙቆ «ተሠርቷል» ብሎ መመለስ በብዙ ከተሞች የተለመደ ነው። በርግጥም ካርዱ ለጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ይሠራል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008 ኤንቪዲያ በላፕቶፕ ቺፖቹ ላይ በታየ የማሸጊያ ድክመት ምክንያት ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር ወጪ እንደሚመዘግብ አስታውቆ ነበር። በዚያን ጊዜ የተጎዱ ላፕቶፖችን ብዙዎች በማሞቅ «አድነዋቸዋል»። ነገር ግን እንዲህ ባሉ ቺፖች ላይ የሚሰነጠቀው በቺፑና በመቀመጫው መካከል ያለው እጅግ ጥቃቅን የብየዳ ነጥብ ነው፤ ሙቀቱ ስንጥቁን ለጊዜው ያገናኘዋል እንጂ አይበይደውም። ደንበኛው ይህ ተነግሮት ቢከፍል ክፋት የለውም፤ ሳይነገረው ሲከፍል ግን የገዛው ጥገና ሳይሆን ጥቂት ቀናት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እዚህ በሽታውን የሚደብቀው ራሱ ሐኪሙ ሆኖ ተገኘ።

ከጌም ቤት ወደ ቤተ ሙከራ

ይህ ሁሉ የጥገና ሱቅ ወሬ ብቻ ነው ለሚል ተመራማሪ ሁለት ሥራዎችን ልጥቀስ። አንድሬያስ ሴለር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ ትናንት ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ዛሬ ሲወድቅ በሁለቱ እትሞች መካከል ያለውን ለውጥ እየከፋፈሉ በመሞከር ጥፋተኛውን በራስ ሰር የመለየት ዘዴ አቀረበ። በአንዱ ምሳሌው ከ178,000 የተለወጡ መስመሮች መካከል ውድቀቱን ያመጣውን አንድ ለውጥ አወጣ። ከላይ «መንገዱን ለሁለት መክፈል» ያልሁት የጥገና ጥበብ የዚህ ዘዴ ዘመድ ነው።

ሁለተኛው በቀጥታ ስለ ግራፊክስ ነው። በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ አላስተር ዶናልድሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት አንድ ከባድ ጥያቄን በብልሃት አለፉት። አንድ ሥዕል «ትክክል» መሆኑን ማን ይወስናል? እነርሱ ትክክለኛውን ሥዕል ማወቅ አላስፈለጋቸውም። ሥዕሉን የሚሠራውን አጭር ፕሮግራም፣ ሼደሩን፣ ትርጉሙን ሳይነኩ መልኩን ለወጡት፤ ፈጽሞ የማይፈጸም ትእዛዝ ጨመሩበት፣ ቁጥሩን በ1 አባዙት። የድሮውና የተለወጠው አንድ ዓይነት ሥዕል ካላወጡ ጥፋቱ በድራይቨሩ ውስጥ ባለው ተርጓሚ ላይ ነው። ከ7 ዋና ዋና አምራቾች የተውጣጡ 17 የካርድና የድራይቨር ጥምረቶችን ፈትነው ከ60 በላይ ልዩ ልዩ ስህተቶችን አገኙ፤ ከስህተት ነጻ የሆነ አንድም ጥምረት አልነበረም። ሥራቸው ወደ ኩባንያ አድጎ እ.ኤ.አ. በ2018 በጉግል ተገዝቷል። ለዚህ ጥናት መነሻ የሚሆነው ጥያቄ ዲላ ላይ በአንድ ጌም ቤት በየቀኑ ይነሣል፤ እኛ ግን ፎርማት እናደርገዋለን።

አሁን ወደ ዋናው ስጋቴ ልምጣ። የቡና ቅጠል በሽታን ከፎቶግራፍ ለመለየት፣ የእንሰትና የቡና ጥምር እርሻን ከሳተላይት ምስል ለመመደብ፣ የዝናብ መረጃን ለመተንበይ የሚሠሩ ተማሪዎች የሚጠቀሙት አብዛኛውን ጊዜ ለጌም የተሠራ ካርድ ነው፤ ዋጋው የሚቻለው እርሱ ስለሆነ። ለጌም የተሠሩ ካርዶች በጥቅሉ የሜሞሪ ስህተትን የሚያርም ሥርዓት የላቸውም ወይም ያላቸው ከፊሉ ብቻ ነው። አምራቹ ይህን ያደረገው በምክንያት ነው፤ በጌም ላይ አንድ ነጥብ ለ17 ሚሊ ሰከንድ ቀለሙ ቢሳሳት ማንም አይጎዳም። በስሌት ላይ ግን የተሳሳተው ቁጥር በሚቀጥለው ስሌት ውስጥ ይገባል።

በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኢምራን ሐክና ቪጃይ ፓንዴ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ፎልዲንግ አት ሆም በተባለው የበጎ ፈቃድ ስሌት ፕሮጀክት ውስጥ ያሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን ግራፊክስ ካርዶች ሜሞሪ ፈትነው ነበር። ከተፈተኑት ካርዶች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በተወሰኑ የመረጃ ዓይነቶች ላይ ሊለካ የሚችል የሜሞሪ ስህተት አሳይተዋል። የዚያን ዘመን ካርዶች ከዛሬዎቹ ይለያሉ፤ ውጤቱን በቀጥታ ወደ ዛሬ ማሻገር አይገባም። ሆኖም የተፈተኑት ባለቤቶቻቸው «ደህና ነው» ብለው የሚሠሩባቸው ካርዶች ነበሩ። ከሦስት እጅ ያለፈ፣ ቀደም ሲል በሙቅ አየር የተነፋ፣ ታሪኩ የማይታወቅ ካርድ ከእነርሱ የተሻለ ይሆናል ብሎ የሚከራከር ካለ ክርክሩን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።

አንድ የተገለበጠ ቢት የማሽን ትምህርት ሞዴልን የግድ ያበላሻል ማለቴ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ በሚሊዮን ቁጥሮች መካከል ተውጦ ይቀራል። አደጋው መዋጡንና አለመዋጡን የምናውቅበት መንገድ አለማበጀታችን ነው። የሞዴል ትክክለኛነት በ2 በመቶ ከፍ አለ ብሎ የሚደመድም ጽሑፍ ያንኑ ስሌት በዚያው ካርድ ሁለት ጊዜ፣ በሌላ ካርድ አንድ ጊዜ ደግሞ ካላሳየን ልዩነቱ ከዘዴው ይሁን ከደከመው ሜሞሪ በምን እናውቃለን?

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። በቤተ ሙከራ ያሉ ባለሙያዎች ብልሽት ያለበት ኮምፒውተር ሲመጣ ከፎርማት በፊት ግማሽ ሰዓት ለምርመራ እንዲሰጡ፣ ስክሪንሾቱና የስልክ ፎቶው እንዲቀመጥ፣ የድራይቨሩና የጌሙ ወይም የፕሮግራሙ እትም እንዲጻፍ፣ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንዲለወጥ እጠይቃለሁ። የጥገና ሱቅ ባለቤቱ «ደንበኛ ይጠብቀኛል፤ ፎርማት በአንድ ሰዓት ያልቃል» ቢለኝ እውነቱን ነው፤ የእርሱ ኪሳራ በሰዓት ይለካል። በደመወዝና በምርምር በጀት የሚሠራ ቤተ ሙከራ ግን ይህን ምክንያት ሊያቀርብ አይችልም። የመዝገቡ ቅጂ ለጥገና ሱቆች ቢሰጥም የሚያተርፉት እነርሱ ናቸው፤ እኛም የምናጠናው መረጃ እናገኛለን፤ ዛሬ ያ መረጃ በየሱቁ ከሃርድ ዲስኩ ጋር እየጠፋ ነው።

ለአማካሪዎችና ለፈታኞች ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። በግራፊክስ ካርድ የተሠራ ስሌት ያለበት የመመረቂያ ጽሑፍ ሲቀርብ በምዕራፍ ሦስት፣ የጥናቱ ዘዴ በሚብራራበት ቦታ፣ የካርዱ ሞዴል፣ የድራይቨሩ እትም፣ ካርዱ አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑ፣ የሜሞሪ ፈተናው መቼ ተደርጎ ምን ውጤት እንደሰጠ እንዲጻፍ ይጠይቁ። አራት መስመር ነው። ፈተናው አንድ ሌሊት ይፈጃል፤ ተማሪው በዚያ ሌሊት መተኛት ይችላል።